ዘሃራ ያለችው፣ እኔ ያልኩት

የካቲት 4፣ ሰኞ

ጠመኔ ዛሬም የለም። ሦስተኛ ቀን። ስምንተኛ ክፍልን በቃል አስተማርኩ። ወባው ለቆኛል፣ ጉልበቴ ግን ገና ነው፤ ወንበር ተደግፌ ነው የምቆመው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል።

ርዕሰ መምህሩ ከክፍል አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ጓድ መ. ተቀምጧል። (ሙሉ ስሙን አልጽፍም። ማስታወሻዬ፣ ማን እጅ እንደምትገቢ አይታወቅም።) የድርቅ ተጎጂዎቹ መጠለያ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ነገ ከጃፓን የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ድርቁን ይቀርጻሉ፣ ትምህርት ቤቱ ለሳምንት ፈቅዶልሃል፣ ታስተረጉማለህ አለኝ። ደግሞም አለ፦ ማስተርጎም ማለት ቃል በቃል ማለት አይደለም። ገብቶኛል አልኩ። ምን እንደገባኝ እንጃ።

ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ለዘመቻ መጥቼ እዚሁ ከቀረሁ አሥር ዓመት። በዚህ መንገድ ሲያልፍ የማየው የጭነት መኪና ብቻ ነው።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

መጡ። ሁለት ላንድሮቨር፣ አምስት ሰው። አራቱ ካሜራና ሽቦ ተሸክመው ይሯሯጣሉ። አምስተኛው ስድሳን የተሻገሩ አጭር ሽማግሌ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው ቆመዋል። ናራሃታ ይባላሉ። ተዋናይ ናቸው!

ረሃብ ለመቅረጽ ተዋናይ ምን ያደርጋል ብዬ ዳይሬክተሩን ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ችኩል። በአገራችን እሳቸውን የማያውቅ ቤት የለም አለኝ። የእናንተን ሰው ፊት ለማየት የማይቀመጥ፣ የእሳቸውን ፊት ለማየት ይቀመጣል። ነገሩ ልክ ነው መሰለኝ። ግን ደስ አላለኝም።

ያረፉት እትዬ ብዙነሽ አልጋ ቤት ነው። እኔም ጓሮዋ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። እትዬ ብዙነሽ ስማቸው አልያዝ አላት፤ «ጋሼ ናራ» አለቻቸው። ወደዱት። ራሳቸው ይደጋግሙታል፣ እንደ አዲስ ጫማ እየሞከሩ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ቴአትር መሥራቴን ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ከነገርኩት ሰው ሁሉ ያልሳቀብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ቀረጻ የለም፤ ከአዲስ አበባ ያልመጣ ወረቀት አለ። ዳይሬክተሩ ሲነጫነጭ ዋለ። እኔና ጋሼ ናራ ከማንጎው ሥር። ሽሮ በማሽላ እንጀራ በሉ፤ ቃሪያው ሳይቀር።

እንግሊዝኛቸው ከኔ የባሰ ነው፣ ግን አይፈሩትም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ሰፈር ውስጥ ሰሃን እያጠቡ ነው የተማሩት። አባትም ቤትም አልነበራቸውም፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ተቃጥለዋል። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ ኪዮቶ ሄዱ። የጎራዴ ፊልም የሚሠራበት ድርጅት ሟች ይፈልጋል ሲባል ሰሙ። ሟች! ዋናው ሰውዬ ጎራዴውን ሲመዝ የሚወድቁት እነዚያ። ዘጠኝ ዓመት ሞቱ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሞተው፣ ልብስ ቀይረው፣ ከሰዓት እንደገና ይሞታሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩ። የሞተ ሰው ዝንብ ሲያርፍበት ዓይኑን አያርገበግብም አሉኝ።

ተማሪ ሳለሁ ፒያሳ ሲኒማ ቤት አንድ የጃፓን የጎራዴ ፊልም አይቻለሁ። ምናልባት ከወደቁት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ስነግራቸው ሳቁ፤ «ይቅርታ፣ ፊቴን አላዞርኩልህም» አሉ።

ከዚያ አንድ ዳይሬክተር ወድቀው ሲነሱ ፊታቸውን አየ። ዲዳ ጀልባ ቀዛፊ አደረጋቸው። አንድም ቃል አልተናገሩም፣ በዚያ ፊልም ግን አገር አወቃቸው። ቆይቶ ሲኒማው ሲደክም ቴሌቪዥን መጣ። የፖሊስ መርማሪ ሆነው በየሳምንቱ፣ ለዓመታት። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው የሚጠራቸው በመርማሪው ስም ነው። ሚስታቸው ሳትቀር አንዳንዴ ትሳሳት ነበር አሉ። «ነበር» ያሉት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሕይወት ማለት ይህ ነው! እኔ ጠመኔ እቆጥራለሁ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

 

መጠለያ ዋልን። ድንኳኖቹ መሀል አቧራ፣ ሳል፣ ሕፃናት። ጋሼ ናራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የሄዱት፤ በዚያ ፀሐይ። ዳይሬክተሩ ሴት ፈለገ፣ ሕፃን ያቀፈች። ዘሃራ የምትባል መጣች። ሠላሳ አይሞላትም። ከጀውሃ በታች ካለ መንደር ናት። ልጅቷን በጎኗ አቅፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ምን ደረሰብሽ በላት አለኝ። አልኳት። ጓድ መ. ከኋላዬ ነው፤ የሲጋራው ሽታ ይመጣል።

ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሻለሁ፦

«ባሌ ሙሄ አልሞተም። ወንዶቹን ዱቄት ጫኑ ብለው ጠሯቸው። ሄዶ ጫነ። ሲጨርሱ እነሱንም ጫኗቸው። ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ መኪናው ላይ ሆኖ ስሜን ይጣራል። እኔ እህል አለመንኩም ጋሼ፣ የወሰዱበትን አገር ብቻ ይንገሩኝ። እኒህን ሽማግሌ ይጠይቁልኝ።»

ሰፈራ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ሁሉም ያውቃል። በካሜራ ፊት ግን የሚነገር አይደለም። ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አጭር። ምናልባት ጭሱ ነው። ምናልባትም አይደለም።

ባሏ በረሃብ ሞቶባታል፣ ለረዷት ሁሉ ምስጋናዋን ታቀርባለች አልኩ። በእንግሊዝኛ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሰዋስዋቸው ልክ ነው።

ጋሼ ናራ አፈሩ ላይ ተንበረከኩ። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ትወና አልነበረም፤ ካሜራው ከጀርባቸው ነበር። ዘሃራ ፊቷ በራ። ወደኔ ዞራ «ገባቸው! አልሀምዱሊላህ፣ ገባቸው!» አለች። ምን አለች አሉኝ። ታመሰግናለች አልኩ።

ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ጓድ መ. በእንግሊዝኛ ያልኩትን በአማርኛ አስደገመኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ብስለት ነው ያሳየኸው አለ። ከዚያ የመዝገቡን ሹም ጠርቶ የዘሃራን ስም አስፈለገና «ባል የሞተባት» ብለህ ጻፍ አለው። ፊልሙና መዝገቡ ይስማሙ። ሹሙ ጻፈ። እዚያው ቆሜ ነበር።

ከሰዓት ጋሼ ናራ ለብቻዬ ያዙኝ። ያቺ ሴት በእውነት ባሏ ሞቷል ወይ አሉ። አዎ አልኩ።  ከዚያ ሙያቸውን ነገሩኝ፦ ሐዘንተኛ ሆነው ብዙ ሠርተዋል፣ ለዚህም ብዙ ሐዘንተኛ አይተዋል። ሐዘንተኛ ወደ ታች ነው የሚያየው። ያቺ ሴት መንገዱን ነበር የምታየው። እኔም እዚህ አገር የሐዘን ደንቡ ይለያል አልኳቸው። እግዜር ይይልኝ! ለቅሶ ስንደርስ ያደግን ሰዎች።

የካቲት 10፣ እሑድ

ቅበላ። እትዬ ብዙነሽ በግ አሳርዳለች፤ አልበላሁም።

ጠዋት ጣርማ በር ወጣን። ዳይሬክተሩ ቆላውን ከላይ ሊቀርጽ። የመኪናው መንገድ ዋሻ አፍ ላይ ብርዱ ይጋረፋል፤ ጋቢዬን ለጋሼ ናራ ሰጠኋቸው። ታች ይፋት በአቧራ ጉም ተሸፍኗል። ሌሎቹ ካሜራውን ሲያቆሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

ጎሮ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው። አብረው የሞቱ፤ በፊልም ማለታቸው ነው። እሳቸው ስም ሲያወጡ ጎሮ የእሳቸው ምትክ ሆነ። ከፈረስ የሚወድቀው፣ ከጣሪያ የሚዘለው። አንድ ቀን ዝናብ ነበር፤ ፈረሱ አይሮጥም ብለው ሁለቱም ተናገሩ። ይሮጥ ተባለ። ጎሮ ወደቀ፣ ወገቡ ተሰበረ። በማግስቱ ድርጅቱ ወረቀት አመጣላቸው፦ ጎሮ ጠጥቶ ነበር የሚል። ጎሮ በሕይወቱ መጠጥ አይቀምስም። የመርማሪው ፊልም ሊጀመር ሳምንት ቀርቶታል። ፈረሙ።

ጎሮ መጦሪያ ተከለከለ። አልከሰሰም፣ አልተሳደበም። ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ ሞተ። አንድም ቀን አልጠየቁትም። በየሳምንቱ ግን ቴሌቪዥን ላይ ውሸታሞችን ይመረምሩ ነበር። ሰው ሁሉ እውነተኛ ፊት አለዎት ይላቸዋል። «ያ ፊት የኔ አይደለም፤ ከጎሮ ወስጄ ነው» አሉ።

ለምን እንደነገሩኝ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። ጓድ መ. ከመኪናው ወርዶ ወደኛ መጣ፣ ብርዱን እያማረረ። አፌን ዘጋሁ። ሰበብ ነው ማስታወሻዬ፤ እሱ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ አይሰማም። እፊቱ መናገር እችል ነበር።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ሄዱ። ጋሼ ናራ ለእትዬ ብዙነሽ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ እሷም ዝቅ አለች፤ እሳቸው ደግሞ የባሰ ዝቅ አሉ። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግራ ገብቷቸው ተሳሳቁ። እኔን ግን እጄን ብቻ ጨበጡኝ። የትምህርት ቤቱን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ተቀበሉኝ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ዘሃራ ትምህርት ቤት በር ድረስ መጣች። ከመጠለያው በእግር፣ ልጅቷን አዝላ።

«ምነው ጋሼ፣ ሽማግሌው አልላኩም?»

ገና ነው አልኳት።

«አገራቸው ሩቅ ነው ይላሉ። ኢንሻአላህ ይልካሉ። እንባቸውን አይቻለሁ እኮ።»

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

እንደገና መጣች። ገና ነው።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ሳያት በጓሮ በኩል ወጣሁ። መምህር ነኝ። በአጥር ቀዳዳ ሾለክሁ።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

የፈራሁት አይደለም የመጣው፤ ያላሰብኩት ነው።

መጠለያው ውስጥ ስም ተጠራ። ባሎቻቸው በሰፈራ የሄዱ ሴቶች ይከተሏቸው ተብሎ ዝርዝር ወጥቷል። ሁሉም ባይሆን ብዙዎቹ እልል አሉ። እኔ ለደብዳቤ ጽሕፈት ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ። ዘሃራ ከፊት ቆማለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ልጅቷን ፊቷን አጥባ። እስከ መጨረሻው አልተጠራችም። ሹሙ ወረቀቱን ሲያጥፍ ረስተውኝ ነው አለች። መዝገቡን ገለጠ። አንቺማ ባልሽ ሞቷል አላት። ማን ነው የሞተው አለች። ሰው ሳቀ። ባል የሞተባት ይላል፣ ተጽፏል አላት።

ዓይኗ ሰው መሀል ፈለገኝ። እንድመሰክርላት። የምታውቀው የተማረ ሰው እኔ ነኛ። የምጽፈውን ደብዳቤ አነሳሁና አንገቴን ደፋሁ።

ከዚህ በኋላ ምን ልጽፍልሽ?

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

ደብዳቤ። የተከፈተና መልሶ የተለጠፈ። የጋሼ ናራ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እንደ ልጅ ጽሑፍ።

ፊልሙ ታይቷል፤ ብዙ ሰው እርዳታ ልኳል። ትረካውን ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ያቺ ሴት ጋ ሲደርሱ «ባሏ ሞቶባታል» የሚለው ተጽፎ ተሰጣቸው። ማንበብ አቃተኝ ይላሉ። አላመንኩህም። አንድ ጊዜ ያላመንኩትን ፈርሜያለሁ፣ ሁለተኛ በድምፄ አልልም አልኩ። ዳይሬክተሩ ተቆጣ፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ምስሉም ዋጋ የለውም ብሎ ሴትየዋን ከነጭራሹ ቆርጦ አወጣት። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ፊቷን ማንም እንዳላየው ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

ደግሞ፦ ከእናንተ አገር ስመለስ የጎሮን ሚስት ቤት ፈልጌ ሄድኩ። በሩን ከፈተች። ሻይ ሰጠችኝ። ጎሮ ዘጠኙንም ዓመት አንተ የምትመጣ እየመሰለው ፊቱን ሳይላጭ አይውልም ነበር አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድኩት።

መጨረሻው፦ ምንድነው ያለችው? ለፊልም አይደለም። ልወቀው።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ክፍል ትምህርት ላይ ነበር፤ ሜዳው ባዶ። ባንዲራው እንጨት ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም ግድ የለኝም ነበር።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

ሄጄ ነገርኳት። ድንኳኑ ጥላ ሥር ባቄላ ትለቅማለች። ያልኩትን አልኳት፣ በአማርኛ፣ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር።

እጇ ቆመ። 

«እኔ እኮ ሲያለቅሱ ለኔ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ ለሙሄ ሬሳ ነው።»

ፈርቼ ነው አልኳት።

«እኔስ አልፈራሁም? ያ ሰውዬ ከኋላዎ ቆሞ አይደል እንዴ የተናገርኩት።»

  ልጅቷ ባቄላ አፏ ከተተች፤ አወጣችባት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እንግዲህ የገደሉት እርስዎ ነዎት ጋሼ። እርስዎው ያስነሱት።»

ግንቦት 12፣ ሰኞ

መጠለያው ቢሮ ገባሁ። የመዝገቡ ሹምና ጓድ መ. አብረው ናቸው። የዘሃራ ባል በሕይወት አለ፣ በሰፈራ ሄዷል፣ መዝገቡ ይታረም አልኩ። ጓድ መ. መዝገቡ ያንተ ቃል ነው እኮ አለኝ። አዎ አልኩ። ተሳስተህ ነው አለ። ሲለው ረጋ ብሎ ነው፤ ማምለጫ በር ከፈተልኝ። ብወጣበት ኖሮ ነገሩ ያልፍ ነበር።

«አልተሳሳትኩም። ዋሽቼ ነው» አልኩ።

«ለማን ብለህ?»

«ለራሴ።»

ሹሙ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ።  ጓድ መ. ለሹሙ አርምላት አለው፤ ለዓርቡ መኪና ሰው ጎድሏል። ሆኖ ሆኖ ያዳናት የኔ እውነት አይደለም፤ የጎደለ ቁጥር ነው። የሙሄም ስም ተገኘ። ወለጋ። ጓድ መ. ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። የጻፈው የሷን ስም አልነበረም።

ግንቦት 16፣ ዓርብ

ሄደች። መኪኖቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነሱ። ረመዳን ገብቷል፤ ጾሟን ነው። አንድ እስር ልብስ፣ ልጅቷ፣ ሌላ ምንም።

ወለጋ ምን እንዳለ አላውቅም። ጫካ፣ ዝናብ፣ ከኛ የባሰ ወባ ይላሉ። በደህና ያገኘችው እንደሆነ አላውቅም። ከሞት አስነሳሁት ልበል ወይስ እናትና ልጅን ወደማይመለሱበት ላክሁ? እሷን ጠየቅኳት፤ ባትሄጂስ አልኳት። ሳቀችብኝ። ሙሄ ስሜን እየጠራ እኮ ነው የሄደው፣ አቤት ሳልለው አለችኝ።

መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ጎንበስ አለች።

«ይቅር ብያለሁ አልልዎትም ጋሼ። ሙሄን ሳገኝ እነግረዋለሁ። እሱ ይቅር ካለ እኔም ይቅር።»

ይህን ነው ይዤ የቀረሁት። አይበዛብኝም።

ግንቦት 18፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከቅዳሴ ስመለስ ወረቀት ጠበቀኝ። ነገ ሰኞ ሦስት ሰዓት ጓድ መ. ቢሮ እንድቀርብ። ያመጣው ሰው በቃሉ ጨመረልኝ፦ ጋቢ ነገር ይያዙ፣ ምናልባት ይቆያሉ። አፍሮ ነው የተናገረው። ተማሪዬ የነበረ ነው።

እትዬ ብዙነሽ ሰማች። ደንበኛዋ የሆነ ሾፌር አሁን ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ረዳት ነው ብሎ ይወስድሃል አለችኝ። ተነሥ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ለመማለጃ እንኳ ዘመድ የለህ ብላ ተቆጣችኝ። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ይሰማኛል።

አልሄድም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ግን እኔ ከጠፋሁ የዘሃራ መዝገብ መልሶ ውሸት ይሆናል፤ የሸሸ ሰው ምስክርነት ማን ይቀበላል? አንድ ሰው እዚህ ቆሞ አዎ፣ ያልኩት ነው ማለት አለበት።

በመኪናው ግን ደብዳቤው ይሄዳል። ለጋሼ ናራ ዛሬ ጨርሼ ጻፍኩላቸው። ያለችውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ወላሂን ሳልተው። ለወላሂ እንግሊዝኛ ብፈልግ አጣሁ፤ እንዳለ አስቀመጥኩት። ሾፌሩ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት እከታለሁ ብሏል።

ነገ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ እሄዳለሁ። አንቺን ለእትዬ ብዙነሽ እሰጥሻለሁ። ፊደል አትለይም፣ ስለዚህ አትፈራሽም። እየጠራችኝ ነው፤ ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ደብዳቤውን ላድርስ።